«ራጁ ደህና ነው» ከተባለ በኋላ፦ ስለ ፋይብሮማያልጂያ ተረትና እውነታ

በዋግ ኽምራ ደጋ «ሰውነቴን ይቆረጥመኛል» ያለ ሰው ብርድ መትቶት፣ ሪህ ይዞት ወይም ሥራ በዝቶበት ነው ይባላል። ብዙ ጊዜ ግምቱ አይስትም። ቁርጥማቱ መላ አካልን አዳርሶ ከ3 ወር በላይ ሲቆይ፣ ሌሊቱን ተኝተው ጠዋት እንዳልተኙ ሆነው ሲነሱ፣ ድካምና የሐሳብ መበታተን ሲከተል ግን ፋይብሮማያልጂያ የሚባለውን ሕመም መጠርጠር ይገባል። በዓለም ላይ ከ100 ሰዎች ከ2 እስከ 4 የሚሆኑትን ይይዛል ተብሎ ይገመታል፤ በሴቶችም ላይ ይበዛል። ስለዚህ ሕመም የሚነገሩት የተሳሳቱ እምነቶች ታማሚውን ለከንቱ ወጪ ይዳርጉታል፤ ዋናውን ሕክምና ግን ሰቆጣም ሆነ ደሃና ሆኖ መጀመር ይቻላል።

ተረት፦ «ራጁም ደሙም ደህና ከሆነ ሕመሙ የለም።»

እውነታ፦ ራጅ የአጥንትን ጉዳት፣ የደም ምርመራ ደግሞ የደም ማነስንና ኢንፌክሽንን ያሳያል። በፋይብሮማያልጂያ አጥንትም መገጣጠሚያም አልቆሰለም፤ የተዛባው አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሕመምን መልእክት የሚያስተናግዱበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የ16 ታማሚዎችንና የ16 ጤነኞችን አውራ ጣት በእኩል ኃይል እየተጫነ አንጎላቸውን ተመለከተ፤ ጤነኛውን እምብዛም በማያሳምም ግፊት የታማሚው አንጎል የሕመም ክፍሎች ጎልተው ሠሩ። «ጭንቀት ካባባሰው የአእምሮ ነገር ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ጭንቀትና የእንቅልፍ እጦት የደም ግፊትንም ያባብሳሉ፤ ደም ግፊትን ግን ምናባዊ የሚል የለም። በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀለ ሰው መላ ሰውነቴን ያመኛል ሲል፣ ያሳለፈው መከራ ሕመሙን ለማጣጣል ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ተረት፦ «ጠንካራ መርፌ ከተወጉ ይለቃል።»

እውነታ፦ በመርፌ የሚሰጠው ማስታገሻ ዳይክሎፍናክ የሚያስታግሰው ብግነትን ነው፤ እዚህ ደግሞ ብግነት የለም። ደጋግሞ ሲወሰድ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር ስቴሮይድንና እንደ ሞርፊን ያሉ ጠንካራ ማስታገሻዎችን ለዚህ ሕመም አልደገፈም። በየጊዜው «ታይፎይድ ነው፣ ታይፈስ ነው» እየተባለ የሚታዘዘው አንቲባዮቲክም አይረዳም፤ በየጤና ተቋሙ የተለመዱት የዊዳልና የዌይል ፌሊክስ ምርመራዎች በቀድሞ ኢንፌክሽን ምክንያት «አለብህ» ሊሉ ይችላሉና። ሐኪም የሚያዘው አነስተኛ መጠን ያለው አሚትሪፕቲሊን እንቅልፍንና ሕመምን ለአንዳንዶች ያሻሽላል። ማታ የሚወሰድ በመሆኑም ከጾም ሰዓት ጋር አይጋጭም። ዱሎክሰቲንና ፕሪጋባሊንም የተወሰኑ ታማሚዎችን ይረዳሉ። ሆኖም አንዳቸውም ሕመሙን ነቅለው አይጥሉም፤ እንዲህ ብሎ ቃል የሚገባ ሻጭ አይታመን።

ተረት፦ «የሚያመው ሰው መተኛት አለበት።»

እውነታ፦ በዚሁ የ2016 ምክር ውስጥ ከሕክምናዎቹ ሁሉ ጠንካራ ድጋፍ ያገኘው የአካል እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ሲተኙ መዋል ጡንቻን ያዳክማል፤ የተዳከመ ጡንቻ በጥቂት ሥራ ይዝላል፣ እንቅልፍም ይበልጥ ይዛባል። እዚህ ላይ የሚነሳው ጥያቄ ከባድ ነው፦ የዋግ ሴት ከጎህ ጀምራ ውኃ እየቀዳች፣ እንጨት እየተሸከመች፣ ዳገት እየወጣች ትውላለች፤ ከዚህ በላይ ምን ትንቀሳቀስ? ሸክምና የታቀደ እንቅስቃሴ ግን ይለያያሉ። ሸክሙን የሚወስነው የቤቱ ፍላጎት እንጂ የሰውነቷ አቅም አይደለም። ሻል ባላት ቀን የተጠራቀመውን ሥራ ሁሉ ትጨርሳለች፣ በማግስቱ ከአልጋ መነሳት ያቅታታል። ሕክምናው ይህን መፈራረቅ መስበር ነው። ያለ ሸክም፣ በደልዳላ መሬት፣ በቀን 5 ወይም 10 ደቂቃ በመራመድ ይጀመራል፤ ሰውነት ሲለምደው በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ይጨመራል፤ ሻል ባለ ቀንም ከልክ አይታለፍም። መጀመሪያ ላይ ሕመሙ ትንሽ ሊጨምር ይችላል፤ ያን ጊዜ መጠኑን መቀነስ እንጂ ማቆም አያስፈልግም። ሸክሙ ካልቀለለላት ግን ይህን ማድረግ አትችልም፤ ስለዚህ የሕክምናው እኩሌታ በቤተሰቡ እጅ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ በአህያ መጫን ወይም ባልና ወንዶች ልጆች በየተራ ማምጣት ይችላሉ። በተመሳሳይ ሰዓት መተኛትና መነሳት፣ ከሰዓት በኋላ ቡና መተውም ገንዘብ አይጠይቅም።

ተረት፦ «ጠበል የገባ መድኃኒት መዋጥ የለበትም።»

እውነታ፦ ጸሎትና የማኅበረሰብ ድጋፍ ብቸኝነትንና ጭንቀትን ያቀልላሉ፤ ከሕክምና ጋር የሚያጣላቸው ነገር የለም። ጉዳቱ የሚመጣው የታዘዘን መድኃኒት በድንገት ሲያቋርጡ ነው። ከባህላዊ ሕክምናዎች ደግሞ ዋግምት ለጊዜው ቀለል ቢያደርግ እንኳ በጋራ ምላጭ መብጣት ኤችአይቪንና የጉበት ቫይረስን ያስተላልፋል፤ ይህ ፈጽሞ መቅረት አለበት።

ቁርጥማት ሁሉ ግን ፋይብሮማያልጂያ አይደለም። መገጣጠሚያ ካበጠ፣ ትኩሳት ወይም የሌሊት ላብ ካለ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ እጅ ወይም እግር ከሰነፈ ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሰቆጣ ወደሚገኘው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ያልፈላ የፍየል ወተት የሚጠጣ ሰውም ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገር፤ ብሩሴሎሲስ ተመሳሳይ ሕመም ያመጣልና። ከምርመራው በኋላ «ምንም የለህም» ብሎ መሸኘት ግን ታማሚውን ወደ መርፌና ወደ ምላጭ መመለስ ነው። የጤና ባለሙያዎች ሆይ፣ የሕመሙን ስም ንገሩት፣ የሚጀምርበትን እርምጃ አሳዩት፤ ቤተሰቦችም ሸክሙን ተካፈሉለት።