በረዶ ላይ ለሚራመድ እግር፦ ከጫማ በላይ የሚጠለቀው ብረት

ገናና ጥምቀት በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የሚውሉት መንገዱ በሚከፋበት በጃንዋሪ ነው። ቀን ፀሐይ ያገኘው በረዶ ይቀልጣል፣ ማታ ብርዱ ሲመለስ አስፋልቱ መስታወት ይሆናል። ለገና ሌሊት ማሕሌት ነጠላዋን አጣፍታ የምትወጣ እናት ከመኪናው በር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ያለባት ጥቂት እርምጃ ነው። የሚጥላት ግን ያው ጥቂት እርምጃ ነው። እጇን ዘርግታ ብትወድቅ አንጓዋ፣ በጎኗ ብትወድቅ ዳሌዋ ይጎዳል። በዚያ ዕድሜ የዳሌ ስብራት ማለት ቀዶ ሕክምና ነው፣ ወራት የሚፈጅ ማገገም ነው፤ ብዙዎችም ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው ብቻቸውን ወጥተው መግባት አይሆንላቸውም።

ይህን አደጋ የሚቀንሰው ዕቃ ውድ አይደለም፣ ለመጠቀምም ትምህርት አይጠይቅም። በአሜሪካ ሱቆች አይስ ክሊት ይባላል፤ ስዊድን ያሉ ወገኖቻችን የሚያውቁት ብሮዳር በሚለው ስሙ ነው። ባደረግነው ጫማ ላይ ተለጥጦ የሚጠለቅ ጎማ ነው፣ ከሥሩ ሽቦ ወይም ሹል ብረት የተያያዘበት። ሐሳቡ የቆየ ነው። ስዊድን ውስጥ ቢርካ በሚባለው ቦታ፣ ከቫይኪንግ ዘመን መቃብሮች ለሰውም ለፈረስም የተሠሩ የበረዶ ብረቶች ተገኝተዋል። ተራራ ወጪዎች ከጫማቸው ሥር የሚያስሩትን ባለ 10 ጥርስ ክራምፖን ደግሞ እንግሊዛዊው ኦስካር ኤከንስታይን በፈረንጆቹ 1908 ነደፈው፤ ጣሊያን ኩርማየር የነበረው አንጥረኛ ሄንሪ ግሪቬል ቀጥቅጦ ሠራው። ዛሬ ለከተማ እግረኛ የሚሸጠው የዚያው ዘር ነው፣ ጥርሱ አጥሮ ማሰሪያው ጎማ ሆኖ።

ግራ የሚያጋባው ከመደርደሪያው ፊት ሲቆሙ ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ተስፋ ግን ሁሉም ላይ አንድ ነው። የእኔ ምክር በሹሉ ብዛትም ሆነ በዋጋው አትምረጡ ነው። ከደጃችሁ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው፣ ከፓርኪንጉ እስከ ሥራ ቦታችሁ በር ያለውን መሬት አይታችሁ ምረጡ።

መሬቱን ለማየት ደግሞ በረዶው ለምን እንደሚያንሸራትት ማወቅ ይረዳል። የበረዶ ገጽ ከዜሮ በታች ሆኖም እንኳ ሙሉ በሙሉ ጠጣር አይደለም። ከላይ ያሉት ሞለኪውሎች ትስስራቸው የላላ ስለሆነ፣ በዓይን የማይታይ፣ ውሃነት ያለው ስስ ሽፋን ይሠራሉ። ማይክል ፋራዴይ በ1850 አካባቢ ይህን ሐሳብ አቅርቦ ነበር። አየሩ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ሽፋኑ ይወፍራል፣ ብርዱ ሲጠና ይሳሳል። ስለዚህ ለእግረኛ ክፉው ቀን ፊት የሚቆርጠው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሆነው ቀን አይደለም። ክፉው ቀን ዜሮ አካባቢ የሚዋልለው፣ ጣሪያው የሚያንጠባጥብበትና ሰው “ዛሬስ ደህና ነው” ብሎ ካልሲውን የሚያሳሳበት ቀን ነው። ጨውም ቢሆን ወሰን አለው፤ የመንገድ ጨው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በአሜሪካው መለኪያ 15 ፋራናይት፣ ካለፈ በኋላ ማቅለጡ ይደክማል። በሚኒያፖሊስ የመኖሪያ ቤት ባለቤት በረዶው ካባራ በ24 ሰዓት ውስጥ ደጃፉ ያለውን የእግረኛ መንገድ መጥረግ ግዴታው ነው። እስከዚያ ግን አላፊ አግዳሚው ሲረግጠው ይጠቀጠቃል፣ የተጠቀጠቀውም ወደ ድፍን አይስ ይለወጣል። በአንድ ሰፈር ውስጥ ደረቅ ኮንክሪት፣ የተጠቀጠቀ ስኖና ጥርት ያለ አይስ በየቤቱ ደጃፍ የሚፈራረቁት ለዚህ ነው።

ወደ ብረቶቹ እንምጣ። በብዛት የሚታየው ጥምዝምዝ ሽቦ በጎማ መረብ ላይ የተጠቀለለበት ዓይነት ነው፤ ያክትራክስ የሚባለው ስም የታወቀው በዚህ ነው። ጥርስ ስለሌለው ደረቅ መንገድ ላይ ብዙም አይጎረብጥም፣ ለማያውቀው ሰው አያስፈራም። በተጠቀጠቀ ስኖ ላይ ጥሩ ይይዛል። በጠነከረና ውሃ ባዘለ አይስ ላይ ግን ሽቦው ሰርስሮ የሚገባበት ጫፍ የለውም። ኮንክሪት ላይ አዘውትሮ የሚሄድ ሰው ደግሞ ጫማው በሚታጠፍበት በጣቶች ሥር ያለውን ሽቦ ቶሎ ይበጥሰዋል።

ሁለተኛው አጫጭር ሹሎች የተተከሉበት ጎማ ነው። እዚህ መጠየቅ ያለበት ሹሉ ከምን እንደተሠራ ነው። ተራ ብረት አስፋልት ላይ ሲፋቅ ይደንዛል። ተንግስተን ካርባይድ ግን የመሰርሰሪያ ጫፍና የክረምት ጎማ ምስማር የሚሠራበት እጅግ ጠንካራ ነገር ስለሆነ ኮንክሪቱንም በረዶውንም ተሸክሞ ይከርማል። የአሪዞናው ኩባንያ ካህቱላ ናኖስፓይክስ ብሎ የሚሸጠው በአንድ እግር 10 የካርባይድ ሹል አለው። ሌሎች ኩባንያዎችም ተመሳሳይ ይሠራሉ፤ አንዳንዶቹ ሹሉ ሲያልቅ ተፈትቶ የሚቀየር ነው። ከቤት ቤት ለምትሄድ የአረጋውያን ተንከባካቢ፣ ለፓርኪንግ ሠራተኛ፣ ለፖስታ አዳይ፣ ባጭሩ አንዴ ደረቅ አንዴ አይስ ለሚረግጥ የከተማ ሰው እኔ የማስቀድመው ይህን ነው።

ሦስተኛው ሹሎቹ በሰንሰለት የተያያዙበት ነው። የካህቱላ ማይክሮስፓይክስ በአንድ እግር 12 ሹል አለው፣ እያንዳንዱ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ። ለዳገት፣ ለጫካ መንገድ፣ ለቀዘቀዘ ሐይቅ ዳርቻ የሚተካከለው የለም። በተጠረገ ኮንክሪት ላይ ግን እግርን ከመሬት ያርቃል፣ ቁርጭምጭሚትን ያወላግዳል። ብዙ ሰው “ጠንካራው ይሻላል” ብሎ ይህን ለወላጆቹ ይገዛል፤ ሚዛን ለሚቸግራቸው አረጋውያን ግን የተጠረገ መንገድ ላይ ሌላ አደጋ ይሆንባቸዋል።

ከሦስቱ የትኛውንም ብትይዙ ገልብጣችሁ ተረከዙን እዩ። በረዶ ላይ ከባዱ አወዳደቅ ወደ ኋላ ነው። የፊተኛው እግር ተረከዝ መሬት ሲነካ፣ ክብደታችን ወደ እሱ እየተዛወረ ሳለ ይሾልካል፤ ሰውነት ከኋላ ይቀርና በመቀመጫ ወይም በጭንቅላት ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ መያዝ ያለበት ተረከዙ ነው። ከጣቶች ሥር ብቻ ብረት ያለበት ግማሽ ክሊት ርካሽና ቀላል ቢሆንም፣ መንሸራተቱ በሚጀምርበት ቅጽበት ሥራ ላይ አይደለም። እኔ ለማንም ሰው አልመክረውም።

“እኔ እኮ ጥሩ የክረምት ቦቲ አለኝ” የሚል ሰው ብዙ ነው። ቶሮንቶ በሚገኘው የመልሶ ማቋቋም ምርምር ተቋም ውስጥ ወለሉ እውነተኛ አይስ የሆነ፣ እንዳለ የሚያዘነብል ክፍል አለ። ፈታኙ ሰው እንዳይወድቅ ከላይ በመቀነት ታስሮ ቦቲውን አድርጎ ወደ ላይና ወደ ታች ይራመዳል፤ ወለሉም ጫማው እስኪከዳው ድረስ ቀስ በቀስ ይዳፋል። 7 ዲግሪ ላይ የቆመ ጫማ አንድ የበረዶ ምልክት ይሰጠዋል፣ 11 ላይ ሁለት፣ 15 ላይ ሦስት። ተመራማሪዎቹ በ2016 ይፋ ባደረጉት ውጤት ከፈተሿቸው 98 ቦቲዎች ያቺን የመጀመሪያዋን ምልክት ያገኙት ከመቶ አሥር እንኳ አይሞሉም። ጫማ ሞቃት መሆኑና መሬት መያዙ ሁለት የተለያየ ነገር ነው፤ ዋጋውም ስለ መያዙ ምንም አይነግራችሁም።

ክሊቱስ ይሠራል ወይ? በዊስኮንሲን ተመራማሪዎች ከጥናቱ በፊት በነበረው ዓመት ወድቀው የሚያውቁ፣ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 109 ሰዎችን አንድ ክረምት ተከታትለዋቸው ነበር። ገሚሶቹ ያን ባለ ሽቦ ክሊት አደረጉ፣ ገሚሶቹ የለመዱትን ጫማ። በ2005 በታተመው ውጤት ክሊት ያደረጉት ደጅ ላይ የወደቁት ካላደረጉት ከግማሽ ባነሰ ነው። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ስለ አጥንት ስብራት የሚያረጋግጠው ነገርም የለም፤ ግን ከላይ ያማሁት ሽቦ እንኳ ከባዶ ጫማ በእጅጉ እንደሚሻል ያሳያል። እናታችሁ ሹሉን ፈርተው ቁም ሣጥን ውስጥ የሚተዉት ከሆነ የሚያደርጉትን ሽቦ ግዙላቸው። ስዊድን ውስጥ የዩተቦሪ ከተማ ከ2013 ጀምሮ ዕድሜያቸው 65 ለሞላ ነዋሪዎች ክሊት በነፃ አድሏል፤ ሌሎች ማዘጋጃ ቤቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ። እዚያ ያላችሁ ለወላጆቻችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ማዘጋጃ ቤታችሁን ጠይቁ።

ልክ ስትመርጡ የእግር ቁጥርን ብቻ አትመኑ። የክረምት ቦቲ ከውጭ ሰፊ ስለሆነ ክሊቱን ቦቲው ላይ አጥልቃችሁ ለኩ። ሲጠለቅ ትንሽ መታገል አለበት፣ ከተጠለቀ በኋላ ግን ወደ ጎን መንሸራተት የለበትም። አጠላለቁ እንዲህ ነው፦ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ የፊቱን ጎማ በጫማው አፍንጫ አስገቡ፣ ከዚያ ከኋላ ያለውን ጆሮ ይዛችሁ ተረከዙን እስኪያልፍ ሳቡት፤ በመጨረሻም ገልብጣችሁ ሹሎቹ ከሶሉ መሐል መሆናቸውን እዩ። ጣቶቻቸውን ቁርጥማት ለያዛቸው ሰዎች ከላይ በቬልክሮ የሚታሰረው ይቀላል። ቀጭን ተረከዝ ባለው የቤተ ክርስቲያን ጫማ ላይ ግን የትኛውም አይረጋም።

ቤት ውስጥ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በረዶን የሚነክሰው ብረት ሴራሚክና እምነ በረድ ላይ ራሱ ያንሸራትታል። የመኪና ፔዳል ላይም አደገኛ ነው፤ የሚነዳ ሰው አውልቆ መንዳት አለበት። እናት “ብረት እግሬ ላይ አስሬ እንዴት ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ፣ ልጄ?” ብትል፣ መልሱ “እማዬ፣ ከበሩ ላይ ከጫማሽ ጋር አብሮ ይወልቃል” ነው። ጫማ ማውለቂያው ያለው ከውስጥ፣ ወለሉም የረጠበ ሴራሚክ ከሆነ ግን ደጃፉ ላይ አግዳሚ ወንበር ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ይህ የሰበካ ጉባኤ ሥራ ነው፣ ወጪውም ቀላል ነው።

ክሊት ያደረገ ሰውም አረማመዱን ማሳጠር አለበት፤ እጅ ከኪስ ይውጣ፣ እግር ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ይረገጥ እንጂ አይጎተት። ቤት ስትገቡ ጨው ጎማውንም ብረቱንም ስለሚበላ በውሃ አለቅልቃችሁ አድርቁት። በየዓመቱ በረዶ ከመጀመሩ በፊት ጎማውን ለጥጣችሁ ሹሎቹ የተተከሉበትን ቀዳዳ ዙሪያ እዩ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካለች ብርድ ላይ ትተረተራለችና ሌላ ግዙ።