ስመ ግብርና ስመ ተጸውዖ

የአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚያመላልሰው፣ መዝገቡንም የሚጠብቀው ሰርቨር ዕድሜው ገፍቶ አገልግሎቱ ሁሉ ወደ አዲስ መሣሪያ በተዛወረ ጊዜ፣ የነባሩን ስም ለተተኪው እናውርሰው ወይስ ሌላ እናውጣለት የሚለው ጉዳይ ከብረቱና ከሽቦው ይልቅ ባለሙያውን ያስጨንቀዋል፤ ስሙ በየሠራተኛው ኮምፒዩተር፣ በማተሚያው፣ በየሌሊቱ ቅጂ በሚያስቀምጠው ትእዛዝ ውስጥ ሳይቀር ተጽፎ ይኖራልና።

ኮምፒዩተሮች የሚፈላለጉት በቁጥር ነው። ስሙን ከቁጥሩ የሚያገናኘውን፣ ዲኤንኤስ የተባለውን ሥርዓት አሜሪካዊው ሊቅ ፖል ሞካፔትሪስ በ1983 እ.ኤ.አ. ደነገገው፤ ከዚያ በፊት ስሞቹ ሁሉ በካሊፎርኒያ፣ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም፣ በአንድ መዝገብ ተጠቃለው ይጠበቁ ነበር።

ይህ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ስም በሰከንድ የተቈጠረ ዕድሜ ይወስንለታል። ዕድሜው 86,400 ከሆነ፣ አንድ ጊዜ ጠይቆ የተረዳ ኮምፒዩተር እስከ ማግሥቱ ድረስ ዳግመኛ ሳይጠይቅ የቀድሞውን ቁጥር ይዞ ሊቈይ ይችላል፤ ስለዚህ አስተዋይ ባለሙያ ከዝውውሩ 2 ቀን አስቀድሞ ዕድሜውን ወደ 300 ዝቅ ያደርገዋል፣ ከዝውውሩም በኋላ በ5 ደቂቃ ውስጥ ጠያቂው ሁሉ ወደ አዲሱ ይመለሳል።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን ሊቃውንት ስመ ተጸውዖን ከስመ ግብር እንደሚለዩ፣ ለብረቱ የራሱን መጠሪያ፣ ለአገልግሎቱም «ፖስታ» የመሰለ የግብር ስም ለይቶ መስጠትን ነው፤ ብረቱ ቢያልፍ ግብሩ አያልፍምና፣ ስመ ግብሩ ወደ ተተኪው ሲሻገር ጸሐፊዋ ደብዳቤዋን ሳታቋርጥ ትጽፋለች።

የተሰናበተው ብረት ስም ግን ወዲያው ለሌላ አይሰጥ፤ የተረሳ ማተሚያ ከምድር ቤት ሆኖ እስካሁን ይጠራው ይሆናል።