ከሞት አፋፍ የተመለሱ ሰዎች የሚያዩት ምንድን ነው?

በጠና ታሞ ራሱን የሳተና ትንፋሹ የጠፋ የመሰለ ሰው ድንገት ሲነቃ «ሞቶ ተነሣ» ይባላል። እንዲህ ያለው ሰው አንዳንድ ጊዜ ብርሃን እንዳየ፣ የሞቱ ዘመዶቹን እንዳገኘ ወይም ከላይ ኾኖ የገዛ አካሉን እንደተመለከተ ይናገራል። ተመራማሪዎች ይህን «የሞት አፋፍ ገጠመኝ» ይሉታል።

ለሰሜን ወሎ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ገድለ ላሊበላ እንደሚተርከው፣ ቅዱስ ላሊበላ በተሰጠው መርዝ ምክንያት ሦስት ቀን እንደ ሙት ተኝቶ ሳለ፣ መላእክት ወደ ሰማይ ወስደው ወደፊት ከዐለት የሚያንጻቸውን አብያተ ክርስቲያናት አሳይተውታል። ገድል የእምነት መጽሐፍ እንጂ የሕክምና መዝገብ አይደለምና በሐኪም ሚዛን አይመዘንም። ኾኖም ከሞት ደጃፍ ራእይ ይዞ የመመለስ ሐሳብ በላስታ ምድር ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደኾነ ያሳያል።

በሕክምናው ዓለም ጉዳዩ በሰፊው መነጋገሪያ የኾነው አሜሪካዊው ሐኪም ሬይመንድ ሙዲ እ.ኤ.አ. በ1975 መጽሐፍ ካሳተመ በኋላ ነው። በ2001 ደግሞ የኔዘርላንድስ ሐኪሞች ልባቸው ቆሞ በሕክምና የተመለሱ 344 ሰዎችን ጠይቀው ውጤቱን አሳተሙ። ገጠመኙ ነበረን ያሉት 62 ብቻ ናቸው። የቀሩት ምንም አላስታወሱም። የሁሉም ልብ ቆሞ ነበርና ለአንጎል የሚደርሰው ኦክስጅን መቋረጡ ብቻውን ነገሩን አይፈታውም።

በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት የመተንፈሻ ማሽን የተነሣላቸውን አራት በሞት አፋፍ ላይ የነበሩ ሕሙማን ተመልክቷል። በሁለቱ አንጎል ውስጥ ፈጣን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ድንገት ጨምሮ ታይቷል። ምን እንዳዩ ግን የሚጠይቃቸው አልተገኘም፤ አልተመለሱምና። እንግዲህ ሳይንስ «ቅዠት ነው» ብሎ ለመዝጋትም፣ «ወዲያኛው ዓለም ነው» ብሎ ለማጽናትም የሚበቃ ማስረጃ በእጁ የለም።

የማያከራክረው፣ የተመለሰው ሰው ሞቱ ያልተፈጸመ መኾኑ ነው። ይህ ደግሞ ለቤተሰብ ትልቅ ጉዳይ ነው። እንደ መርሳ ባለ ወባማ አካባቢ ወባ አንጎል ላይ ሲወጣ፣ ወይም የስኳር ሕመምተኛ የደም ስኳሩ ክፉኛ ሲወርድ፣ ሰው በሕይወት ሳለ ሙት ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ለመገነዝ ከመጣደፍ በፊት ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን ማየት፣ ወዲያውም የጤና ባለሙያ መጥራት ይገባል። ራሱን በሳተ ሰው አፍ ውኃም ኾነ ምግብ አይጨመርም። አንድ ዐዋቂ ድንገት ወድቆ ትንፋሹ ከቆመ፣ እርዳታ እስኪደርስ የደረቱን መሐል በሁለት እጅ ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ያስፈልጋል።

ከነቃ በኋላ ያየውን ሲናገር «አበደ» ማለት ዝም ያሰኘዋል እንጂ አይረዳውም። ገጠመኙ በራሱ የአእምሮ ሕመም አይደለም። እንቅልፍ ካጣ፣ ወይም ነቅቶ ሳለ ድምፅ መስማቱና ማየቱ ከቀጠለ ግን ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል።