ብርሃን አሳላፊ የባሕር ፍጥረታትን በሌሊት በፊልም ስለ ማንሣት

የጀርባ አጥንት የሌላቸውን እንስሳት በምናስተምርበት ጊዜ ጄሊፊሽ የተባለውን ፍጥረት በጥቁር ሰሌዳ ላይ በነጭ ጠመኔ እንስለዋለን። ሥዕሉን የሚያይ ተማሪ እንስሳው በባሕር ውስጥም እንዲሁ ጎልቶ የሚታይ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከዳርቻና ከወለል ርቀው በውቅያኖስ መካከል ከሚኖሩት ፍጥረታት ብዙዎቹ ገላቸው ብርሃን ስለሚያሳልፍ፣ ጠላቂው በክንዱ ርቀት ላይ ሆኖ እንኳ ሳያያቸው ሊያልፍ ይችላል። ሆኖም ጠመኔውና ሰሌዳው ፈጽሞ አላሳሳቱንም፤ እነዚህን ፍጥረታት በፊልም የሚያነሡ ሰዎች የሚገለገሉበት ዘዴ ጥቁር ጀርባና ነጭ መስመር ነውና።

በባሕር መካከል መደበቂያ የሚሆን ድንጋይም ሆነ ሣር የለም። እዚያ የሚኖር እንስሳ ከጠላቱ የሚሰወርበት አንዱ መንገድ ውሃውን ራሱን መምሰል ነው። የጄሊፊሽ ገላ ከመቶ 95 እጅ በላይ ውሃ ስለሆነ፣ ብርሃን ከባሕሩ ወደ ገላው ሲገባም ሆነ ሲወጣ እምብዛም አይሰበርም፣ አይንጸባረቅም። ይህን በክፍል ውስጥ ለማሳየት ሙቀት የሚቋቋም የላቦራቶሪ ብርጭቆ ዘንግ በምግብ ዘይት ውስጥ መንከር ይበቃል። ዘይቱና ብርጭቆው ብርሃንን የሚሰብሩበት መጠን ስለሚቀራረብ፣ በዘይቱ ውስጥ ያለው የዘንጉ ክፍል የጠፋ ይመስላል። ተማሪዎች ይህን ሁለት ጊዜ ካዩ የፊዚክሱና የሥነ ሕይወቱ ትምህርት አንድ መሆኑን እኛ ልንነግራቸው አያስፈልግም። ሊሰወሩ የማይችሉት ዓይንና ሆድ ናቸው። ዓይን ለማየት ብርሃንን መዋጥ አለበት፤ የተበላውም ምግብ ከገላው ውጭ ይታያል።

ሳይንቲስቶች እነዚህን ፍጥረታት ለረዥም ዘመን ያጠኑ የነበረው በመርከብ በሚጎተት መረብ ነው። ጠንካራ ቅርፊት ያላቸው ትንንሽ እንስሳት በደኅና ሲወጡ፣ ለስላሶቹ ግን ተበጣጥሰው እንደ አጥሚት ሆነው ይገኙ ነበር። በዚህም ምክንያት ብዛታቸውም ሆነ አኗኗራቸው በሚገባ ሳይታወቅ ቆየ። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዊልያም ሃምነር የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ከተማሪዎቹ ጋር በባሃማስ አቅራቢያ ከባሕሩ መካከል እየጠለቀ በቦታቸው ያያቸውና ፎቶግራፍ ያነሣቸው ጀመር። ወለሉ እጅግ ሩቅ ስለሆነ ጠላቂዎቹ ሁሉ በአንድ ማዕከላዊ ገመድ ይታሰራሉ፤ አንዱም ሥራው ሌሎቹን መጠበቅ ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ፊልሙ ለጌጥ የሚጨመር ነገር አይደለም። መረብ ሊያመጣቸው ላልቻለው ፍጥረታት መረባቸው ካሜራው ነው።

ሌሊት የሚመረጠው ለምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት እንስሳቱ ራሳቸው ወደ ላይ የሚመጡት ያን ጊዜ በመሆኑ ነው። ቀን በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ጥልቀት የሚውሉ አያሌ ፍጥረታት ፀሐይ ስትጠልቅ ምግብ ፍለጋ ይወጣሉ፣ ሳይነጋም ይመለሳሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የባሕር ኃይሎች የድምፅ መሣሪያ ማታ ማታ ወደ ላይ የሚነሣ «ወለል» አሳይቶ ነበር፤ በኋላ ሲጣራ የእንስሳት ጭፍራ ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው ምክንያት ጨለማው ራሱ ነው። ቀን በሰማያዊው ብርሃን ውስጥ የጠፋው ገላ፣ ሌሊት ከጎን በመብራት ሲመታ ጠርዙ በጥቁሩ ላይ ነጥቶ ይወጣል።

ከጎን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ካርቱም ውስጥ የኢትዮጵያውያንን ልጆች ስናስተምር ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም አላስፈለገንም፤ ሃቡብ የሚሉትን የአቧራ ማዕበል ሁሉም ያውቁታልና። በሃቡብ መካከል የመኪናውን ረዥም መብራት የሚያበራ ሾፌር የሚያየው መንገዱን ሳይሆን የበራውን አቧራ ነው። በባሕርም ውስጥ መብራቱ ከካሜራው ዓይን አጠገብ ከሆነ በውሃው ውስጥ ያለው ብናኝ ሁሉ በርቶ ፊልሙን ያበላሸዋል። ስለሆነም መብራቶቹ በረዥም ክንድ ወደ ግራና ቀኝ ይዘረጋሉ። ፎከሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ራሱን በራሱ የሚያስተካክለው ካሜራ የመስተዋት ገላ ያለውን ትቶ ከኋላው ያለውን ብናኝ ይይዛል።

በዚያ ክፍል አንድ ሌላ ነገርም አስተውለናል። «ባሕር በሌሊት» ስንል ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ ዝም ይሉ ነበር። ለእነርሱ ባሕር ማለት በሊቢያ በኩል ዘመድ የተሻገረበት፣ ወይም ሳይሻገር የቀረበት ነው። ቀይ ባሕር ግን ከካርቱም በአየር 670 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ እያለ አብዛኞቹ አይተውት አያውቁም ነበር። በ2023 (እ.ኤ.አ.) የተነሣው ጦርነት ከተማዋን ሳያምሳት በፊትም ቢሆን የመሄጃ ገንዘብ ያለው ጥቂቱ ብቻ ነው።

የሚገርመው በውሃ ውስጥ ፊልም የማንሣት ታሪክ ከዚሁ ከሱዳን ዳርቻ ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው። ኦስትሪያዊው ሃንስ ሃስ በፖርት ሱዳን አካባቢ ያነሣው ፊልም በ1951 በቬኒስ ተሸለመ። በ1963 ፈረንሳዊው ዣክ ኩስቶ ከፖርት ሱዳን ወጣ ብሎ በሚገኘው በሻዕብ ሩሚ የኮራል አለት ዘንድ፣ በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ ቤት ሠርቶ አምስት ሰዎችን ለአንድ ወር አኖረ። ከዚህ የተገኘው «ፀሐይ የሌለበት ዓለም» የተባለው ፊልም የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። እርግጥ እነዚህ ፊልሞች በዋናነት የሚያሳዩት ኮራልን፣ ዓሣንና ሰውን ነው። ቢሆንም በጥቂት ሜትር ጥልቀት ቀዩ ቀለም በውሃ እንደሚዋጥና ጠላቂ የራሱን ፀሐይ ይዞ መውረድ እንዳለበት ለሕዝብ ያሳዩት እነርሱ ናቸው።

ፊልሙን በክፍል ለማሳየት ዕድል የሚያገኝ መምህር አንድ ስሕተት ቢያርም መልካም ነው። የማበጠሪያ ጄሊ በሚባሉት ፍጥረታት ገላ ላይ እንደ ቀስተ ደመና የሚሯሯጠው ቀለም የእንስሳው ብርሃን አይደለም። እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩት የመዋኛ ፀጉሮች የጠላቂውን መብራት ሲበትኑት የሚታይ ነው። ብዙዎቹ የራሳቸው ብርሃን አላቸው፤ እርሱ ግን ደካማ ስለሆነ የሚታየው መብራቱ ሲጠፋ ነው።

ፊልም ለሌለው ትምህርት ቤት ደግሞ ከኩሬ ወይም ከሐይቅ ዳር አንድ ብርጭቆ ውሃ ይበቃል። ዳፍንያ የተባለችው የውሃ ቁንጫ በጣና ሐይቅም ትገኛለች፤ እርሷም ብርሃን ታሳልፋለች። ክፍሉን ማጨለም፣ ከብርጭቆው ኋላ ጥቁር ወረቀት ማቆም፣ የእጅ ባትሪውንም ከጎን ማብራት ነው። ነጫጭ ነጥቦች እየዘለሉ ይታያሉ። በማጉያ መነጽር ቀረብ ብሎ ለሚያይ ተማሪ ጥቁሯ ዓይንና በአልጌ የተሞላው አረንጓዴ አንጀት ይለያሉ፤ ማይክሮስኮፕ ካለም ከጀርባዋ በኩል ልቧ ሲመታ ይታያል።