ተለዋዋጭ የቫልቭ ጊዜ

ተለዋዋጭ የቫልቭ ጊዜ የሞተር ቫልቮች የሚከፈቱበትንና የሚዘጉበትን ቅጽበት፣ ሞተሩ እየሠራ ሳለ እንደ ዙሩና እንደ ጭነቱ የሚያስተካክል ዘዴ ነው። በኢትዮጵያ ይበልጥ የሚታወቀው «ቪቪቲ-አይ» በሚለው የቶዮታ መጠሪያ ሲሆን፣ ጽሑፉ በብዙ ቪትዝና ኮሮላ መኪኖች የሞተር ክዳን ላይ ይነበባል።

አሠራር

በባለ አራት ምት ሞተር ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ አንድ ጊዜ ይከፈታል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ቢዞር አንዱ ቫልቭ በሴኮንድ 25 ጊዜ ተከፍቶ ይዘጋል ማለት ነው። ቫልቮቹን የሚገፋው ካምሻፍት ከክራንክ ሻፍቱ ጋር በካቴና ወይም በቺንጋ ስለሚታሰር፣ በቀድሞዎቹ ሞተሮች ጊዜው አንዴ ከተገጠመ አይለወጥም ነበር። ይሁንና ለፈጣን ዙር የሚስማማው ጊዜ ለዝግተኛው አይስማማም። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር የሚገባው አየር ግስጋሴ ስላለው፣ የማስገቢያው ቫልቭ ዘግይቶ ቢዘጋ ሲሊንደሩ ይበልጥ ይሞላል። በዝግታ ሲዞር ግን ያው መዘግየት የገባውን አየር መልሶ ያስወጣዋል።

አልፋ ሮሜዮ እ.ኤ.አ. በ1980 በስፓይደር መኪናው፣ ሆንዳ በ1989 በቪቴክ መፍትሔ ሞክረዋል። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ቪቪቲ-አይ ኮምፒውተሩ የሞተር ዘይትን በካምሻፍቱ ጫፍ ወዳለው ማርሽ ይልካል፤ የዘይቱ ግፊትም ካምሻፍቱን ጥቂት ዲግሪ ወደፊት ወይም ወደኋላ ያዞረዋል። ስለዚህ ዘይቱ ሲቆሽሽ ወይም ሲያንስ ሥራው ይስተጓጎላል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው

ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ነው፤ ሞተሩ እንደተነሣም ግፊቱ ገና አይበቃም። ይህን ለማስቀረት እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ሌክሰስ ኤልኤስ 460 የማስገቢያው ካምሻፍት በትንሽ ኤሌክትሪክ ሞተር እንዲስተካከል ተደረገ። ሞተሯ ከካምሻፍቱ እኩል ስትዞር ጊዜው ባለበት ይቆያል፤ ስትፈጥን ይቀድማል፤ ስትዘገይ ይዘገያል። ካምሻፍትን ጨርሶ አስወግዶ እያንዳንዱን ቫልቭ በተናጠል ማዘዝም ይቻላል። ኮኒግሴግ እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳየው ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር እንዲህ ያለ ነበር፤ ግን ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው የአየርና የዘይት ግፊት ሆኖ ኤሌክትሪኩ ትእዛዝ ብቻ ይሰጥ ነበር።

በደጋማ ቦታ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,450 ሜትር ገደማ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። ቪቪቲ-አይ ይህን ይመልሳል የሚባለው ስሕተት ነው፤ የሳሳውን አየር በአግባቡ ያስገባል እንጂ አያወፍረውም። አየሩን አምቆ የሚያስገባው ቱርቦ ነው። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ባለው ከ1,000 ሜትር በላይ በሚያወጣው ዳገት ነው። አሽከርካሪው በኩርባው ማርሽ ሲቀንስና ሲጨምር የሞተሩ ዙር ስለሚለዋወጥ፣ የቫልቭ ጊዜውም አብሮ ይለዋወጣል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏን አስታውቃለች። በምትካቸው የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ቫልቭም ካምሻፍትም የላቸውም።