«ገባችሁ?» ሲል «አዎ» የማይበቃው መምህር

በአገራችን ክፍሎች ውስጥ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጠየቅ ተቆጥሮ የማያልቅ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ገባችሁ?» የሚለው። መልሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «አዎ!» ነው። ከፊት ወንበር እስከ ኋላ ወንበር በአንድ ድምፅ፣ አንዳንዴ እንዲያውም መምህሩ ጥያቄውን ሳይጨርስ። የገባው ይላል፣ ያልገባው ይላል፣ ሲያንቀላፋ የነበረውም ባንኖ ይላል። ከዚያ መምህሩ ዳስተሩን ያነሳል፣ ሰሌዳውን ያጠፋል፣ ወደሚቀጥለው ርዕስ ይሄዳል።

ጥሩ መምህር ማለት ምን ዓይነት ሰው ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ አጭር ነው፦ ያንን «አዎ» የማያምን ሰው ነው። ዕውቀቱም፣ ቀልዱም፣ አነጋገሩም ከዚህ በኋላ ይመጣሉ።

ይህን ስል የሚቃወመኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጓደኛሞች ተሰብስበን ቡና ስንጠጣ ወሬው ወደ ትምህርት ቤት ከዞረ ቀድመው የሚነሱት ሌሎች ናቸው። ሙሉውን ክፍለ ጊዜ የሚያስቀን ቲቸር፣ ብቅ ሲል ግቢው ጸጥ የሚልለት ቲቸር፣ ሱፉ ላይ የጠመኔ ብናኝ ታይቶ የማይታወቅ ቲቸር። እነዚህን አንረሳም። ግን እስቲ አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ ከእሱ ምን ተማራችሁ? ብዙ ጊዜ ጠረጴዛው ዙሪያ ዝም ይባላል። የ9ኛ ክፍል የፊዚክስ መምህራችን ያወራቸውን ቀልዶች ዛሬም በቅደም ተከተል ልነግራችሁ እችላለሁ፤ ፊዚክሱን ግን የተማርኩት ከሌላ ሰው ነው። አለመረሳትና ማስተማር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ነው ዕድለኛ የምንሆነው።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩት በፕላዝማ ዘመን ነው። ለማታስታውሱት ላስረዳ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትልልቅ የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች ገቡ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተዘጋጅቶ በሳተላይት የሚተላለፍ፣ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ነበር። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን የሚወስደው ስክሪኑ ነው። ክፍል ውስጥ ያለው መምህር መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያጠቃልላል፤ በቃ።

እውነቱን ለመናገር ጥሩ ነገርም ነበረው። ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት ኬሚካል ሲቀላቀል፣ ሴል በማይክሮስኮፕ ሲታይ ያየነው በእሱ ነው። ችግሩ አይቆምም። ስክሪኑ ላይ ያለችው መምህርት ትጠይቃለች፣ ለመልመጃው ትንሽ ጊዜ ትሰጣለች፣ ጊዜው ሲያልቅ መልሱን ራሷ ትናገርና «ቬሪ ጉድ!» ብላ ታልፋለች። ማን እንደመለሰላት አናውቅም። እኛ ገና ጥያቄውን እየገለበጥን ነበር። ፕላዝማው ብዙ ያውቃል፤ እኛ የት እንደቀረን ግን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

10ኛ ክፍል ላይ የገጠመን የሒሳብ መምህር ቀጭን፣ ድምፁ ከኋላ የማይሰማ፣ ቀልድ የማይሆንለት ሰው ነበር። ክፍላችን ውስጥ ከ70 በላይ ነበርን። ከፕላዝማው በኋላ የምትተርፈውን ጥቂት ደቂቃ፣ መብራት የጠፋበትን ቀንና የቱቶሪያል ሰዓቱን እንደ እሱ የተጠቀመባቸው ሰው ግን አላየሁም። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ −3 − 5 ብሎ ጻፈና «መልሱን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ፤ ማንም እንዳይናገር» አለን። ከዚያ በወንበሮቹ መካከል እያለፈ የጻፍነውን አየ። ከክፍሉ ከግማሽ በላዩ «8» ብሎ ጽፏል።

ሌላ መምህር ቢሆን «10ኛ ክፍል ደርሳችሁ ይሄን አታውቁም?» ብሎ ቀሪውን ሰዓት ይቆጣበት ነበር። እሱ «8 ያላችሁ፣ እንዴት አገኛችሁት?» ብሎ ጠየቀ። ዝም ተባለ። እሱም ዝም አለ፤ እጁ ላይ ያለውን ጠመኔ እያራገፈ ጠበቀ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ «ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ፖዘቲቭ ነው ተብለናል» አለች።

ነገሩ ወጣ። ልጆቹ ሰነፎች አልነበሩም። የማባዛትን ሕግ በቃላቸው ይዘው መቀነስ ላይ እየተጠቀሙበት ነበር። ስንት ዓመት «ገባችሁ?» «አዎ» ሲባባሉ የቆዩት ያንን ስህተት ይዘው ነው።

«ሰፈራችሁ ካለው ሱቅ የ3 ብር ዱቤ አለባችሁ» አለ። «ዛሬ ደግሞ የ5 ብር ስኳር በዱቤ ጨመራችሁ። ባለሱቁ አሁን 8 ብር አውጥቶ ይሰጣችኋል?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቀልድ አይሆንለትም ያልኳችሁ ሰው ነው እንግዲህ። ከዚያ በኋላ ያንን ጥያቄ የሳተ ልጅ አላስታውስም።

ሌላም ልማድ ነበረው። አርብ አርብ ከደብተራችን ቁራጭ ወረቀት እንድንቀድ፣ በሳምንቱ ውስጥ ያልገባንን አንድ ነገር ስማችንን ሳንጽፍ እንድናሰፍር ያደርጋል። ሰኞ ሲመጣ «12 ሰው ይቺ አልገባችኝም ብሏል» ብሎ ከእሷ ይጀምራል። 70 ተማሪ አንድ በአንድ ማነጋገር አይችልም፤ 70 ቁራጭ ወረቀት ማንበብ ግን ይችላል።

ከጎኔ የሚቀመጠው ጓደኛዬ ነገር ከሁላችንም ይለያል። 9ኛ ክፍል እያለን እጁን አውጥቶ ሲጠይቅ አንድ መምህር «ይሄ ያልገባህ አንተ ብቻ ነህ» ብሎት ክፍሉ በሙሉ ስቆበታል። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ አልጠየቀም። «ገባችሁ?» ሲባል ግን ከሁላችን ጮክ ብሎ «አዎ» የሚለው እሱ ነበር። 10ኛ ክፍል ላይ መጀመሪያ ስም በሌለው ወረቀት ጠየቀ። ጥር አካባቢ እጁን ማውጣት ጀመረ።

ተረት አልነግራችሁም። የያኔው የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲመጣ ሒሳብን በጥሩ ውጤት አለፈ፤ ሌሎቹ ጎትተውት መሰናዶ የሚያስገባ ነጥብ ሳይመጣለት ቀረ። ቴክኒክና ሙያ ገባ፤ ዛሬ ኤሌክትሪሺያን ነው። በቅርቡ ስናወራ የሒሳብ መምህራችንን በፍቅር አነሳው። ትንሽ ቆይቶ ያንን የ9ኛ ክፍል መምህርም አነሳ፤ የቆመበትን ቦታ፣ ማን ማን እንደሳቀ ሳይቀር ያስታውሳል። ተማሪ ልብ ውስጥ ለመቅረት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። በየትኛው መንገድ መቅረት እንደሚሻል የሚመርጠው መምህሩ ነው።

ይህ የአንድ ሰው ተሰጥኦ ብቻ አይደለም፤ የተጠና ነገር ነው። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በክፍል ውስጥ የተቀረጹ ድምፆችን አዳምጣ፣ መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ ምን ያህል እንደሚጠብቁ ለካች። በአማካይ 1 ሰከንድ ገደማ ብቻ ሆኖ አገኘችው። መምህራኑ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ መጠበቅ ሲለምዱ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም የሚሉት ቀነሱ፤ ደካማ የሚባሉት ልጆችም መናገር ጀመሩ። የጠመኔ ማራገፉ ምስጢር ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ፊሊፕ ሳድለርና ባልደረቦቹ 181 የአሜሪካ የመካከለኛ ደረጃ የሳይንስ መምህራንን ያካተተ ጥናት አወጡ። መምህራኑ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ነገር እንዲመልሱ ተደረገ፦ ትክክለኛው መልስ የቱ ነው? ተማሪዎች በብዛት የሚመርጡት የተሳሳተ መልስስ የቱ ነው? ብዙ ተማሪ በሚሳሳትባቸው ጥያቄዎች ላይ የበለጠ የተሻሻሉት ትክክለኛውን ብቻ ሳይሆን ስህተቱንም ቀድመው የገመቱት መምህራን ያስተማሯቸው ልጆች ናቸው። የትምህርቱን ይዘት ማወቅ ግድ ነው። ልጁ የት ላይ እንደሚሰናከል ማወቅ ደግሞ ሌላ ዕውቀት ነው።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቤተ ክህነቱ ትምህርት የኔታ ልጆቹን በጅምላ «ገባችሁ?» ብለው አያልፉም። ፊደል የሚቆጥረው ልጅ ቀርቦ ስንጥሩን ፊደሉ ላይ እያሳረፈ ያነባል፤ ከሳተ ይመለሳል። ዳዊት የሚደግመው ዳዊቱን ይዞ ይቀርባል። የፈጠነው ይቀድማል፤ የዘገየውም ካለበት ይቀጥላል። ቅኔ ቤት ውስጥም ተማሪው የራሱን ቅኔ ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል። አለንጋውን አላወድስም። የእያንዳንዱ ልጅ ትምህርት የት ላይ እንደቆመ ማወቃቸውን ግን አደንቃለሁ።

«70 ተማሪ ባለበት ክፍል፣ ወር በማታደርስ ደመወዝ፣ ይሄ ሁሉ እንዴት ይሆናል?» የሚል መምህር ቢኖር አልፈርድበትም። ከሥራ በኋላ ቤት ለቤት እየዞረ ካላስጠና የቤት ኪራይ የማይከፍለው ብዙ ነው። ለአለቆቹ የሚያቀርበው ሪፖርትም ስንተኛው ምዕራፍ ላይ እንደደረሰ ነው፤ ስንት ልጅ እንደገባው የሚጠይቀው ያለ አይመስልም። የእኛም የሒሳብ መምህር መጨረሻው ምዕራፍ ሳይነካ ዓመቱ አልቆበት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተጠርቷል። ሌላው ሴክሽን መጽሐፉን ጨርሶ ነበር። መጨረስና መማር ግን አንድ አይደሉም።

አንድ እንዳልሆኑ ደግሞ አገሪቱ በቁጥር አይታዋለች። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነቱ አለ፣ መጽሐፍ ማጣቱ አለ፣ የፈተናው አሰጣጥ መቀየሩ አለ። ሸክሙን ሁሉ መምህሩ ላይ መጫን ግፍ ነው። ነገር ግን እነዚህ ልጆች 12ኛ ክፍል እስኪደርሱ በየዓመቱ «ገባችሁ?» ተብለዋል፤ በየዓመቱም «አዎ» ብለዋል።

አሁን ደግሞ ኪሳችሁ ውስጥ ፕላዝማ አለ። ዩቲዩብ ላይ የማይገኝ ትምህርት የለም፤ ቴሌግራም ላይ የማይገኝ ሾርት ኖት የለም፤ ኤአዩም ሌሊት በ8 ሰዓት ብትጠይቁት ይመልሳል። ከእኛ ፕላዝማ ይሻላል፤ ቢያንስ ይቆማል፣ ወደ ኋላም ይመለሳል። ያም ሆኖ ማብራሪያውን ሲጨርስ ስክሪኑ ላይ ሆናችሁ በሆዳችሁ የምትሉት ያንኑ የድሮ «አዎ» ነው። አይቶ መስማማት ቀላል ነው። ስልኩን ገልብጣችሁ ባዶ ወረቀት ላይ ራሳችሁ ካልሠራችሁት በስተቀር፣ የት ጋ እንደሚያደናቅፋችሁ እናንተም አታውቁትም።

ስለዚህ ተማሪ ከሆናችሁ «አልገባኝም» ብቻ አትበሉ፤ «እስከዚህ ድረስ ገብቶኛል፣ ከዚህች መስመር ጀምሮ ጠፋብኝ» በሉ። እንዲህ ስትሉት መምህሩ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። ታናናሾቻችሁን የምታስጠኑ፣ መምህርነት እየተማራችሁ ያላችሁ ወይም ሳትፈልጉ የተመደባችሁበት ደግሞ አንድ ነገር ለሳምንት ሞክሩ፦ «ገባህ?» የሚለውን ተዉትና «እስቲ አንተ ለእኔ አስረዳኝ» በሉ። ከዚያ ጠብቁ። መጀመሪያ የሚመጣው ዝምታ ያስጨንቃል፤ አትሙሉት። ከዝምታው በኋላ የሚመጣው የተሳሳተ መልስ ነው የሚቀጥለው ትምህርታችሁ።