የዋስትናው ቀን ካለፈ በኋላ

ቀድሞ በሀገራችን ለሕፃን ተብሎ ከሱቅ የሚገዛ ዕቃ እምብዛም አልነበረም። አንቀልባውን የሚሠራው እዚያው አካባቢ የሚኖር የቆዳ ሠራተኛ ስለ ነበረ፣ ማንገቻው ቢበጠስ እናቲቱ ወደ ሰውዬው ደጅ ሄዳ ታስጠግነዋለች፤ ሰውዬውም ነገ ገበያ ላይ ፊት ለፊት እንደሚያገኛት ያውቃልና አያስቀይማትም። የዋስትና ወረቀት አልነበረም፤ የሚያስፈልግም አልነበረም።

ዛሬ ግን የሻሾጎ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በቦኖሻ የበርበሬ ጆንያ በሚራገፍበት ገበያ አቅራቢያ ጡጦው፣ የሕፃን አልጋውና በተለምዶ ዎከር የሚባለው ባለ ጎማ መራመጃ ተደርድረው ይሸጣሉ። ዕቃው ከባሕር ማዶ ተሠርቶ መርካቶ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ሆሳዕና፣ ከሆሳዕናም ወደ አነስተኛዎቹ ከተሞች ይበተናል። አንዳንዱን ደግሞ ደቡብ አፍሪካ የሚኖር ወንድም ወይም አጎት ለወላድ ስጦታ ብሎ ይልከዋል። በሠሪውና በእናቲቱ መካከል ስንት እጅ እንዳለ ቈጥሮ የሚዘልቀው የለም።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ እናንሣ። አንዲት የቦኖሻ እናት የስድስት ወር ልጇን የምታስቀምጥበት መራመጃ ገዛች እንበል። በካርቶኑ ላይ የሦስት ወር ዋስትና ተጽፏል። በአራተኛው ወር አንደኛው ጎማ ከነእግሩ ተገንጥሎ ሕፃኑ በግንባሩ ተደፋ። እናቲቱ የተሰበረውን ዕቃ ተሸክማ ወደ ባለ ሱቁ ብትሄድ፣ «እኅቴ፣ ዋስትናው እኮ አልፏል፤ እኔ ምን ላድርግ?» ይላታል። እርስዋም ነገሩ እውነት መስሏት ትመለሳለች። እኛ ግን የባለ ሱቁ መልስ ከግማሽ በላይ እውነት አይደለም እንላለን።

ዋስትና የምንለው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው ሠሪው ወይም ሻጩ በገዛ ፈቃዱ በወረቀት ላይ የሚሰጠው ተስፋ ነው፤ የሦስት ወር ካለ ሦስት ወር ነው። ሁለተኛው ሕጉ ራሱ በሻጩ ላይ የጣለው ግዴታ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሆነ ሰው የሚያስረክበው ዕቃ ለተለመደው አገልግሎት የሚያበቃና ጉድለት የሌለበት መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያስገድደዋል። ገዢውም ዕቃውን በተቻለው ፍጥነት እንዲመረምር፣ ጉድለት ባገኘም ጊዜ ሳይውል ሳያድር ለሻጩ እንዲያስታውቅ ታዟል። ተሰውሮ የቈየ ጉድለት ከሆነ የማስታወቁ ግዴታ የሚጀምረው ከተገለጠበት ጊዜ ነው። ካስታወቀም በኋላ ክሱን በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት።

እርግጥ ነው፣ ሻጭና ገዢ ተዋውለው ይህን ኃላፊነት ሊያጠብቡት ይችላሉ። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል የደበቀ እንደ ሆነ ግን እንዲህ ያለው ውል አያድነውም። ከዚህም በላይ ገዢዋ አንብባ ያልተስማማችበትን፣ ምናልባትም በማታውቀው ቋንቋ በካርቶን ላይ የታተመን አንድ መስመር እንደ ውል ቈጥሮ መብቷን መዝጋት ለእኛ ትክክል ሆኖ አይታየንም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ዕቃው ዋጋ ነው። የሕፃኑ ግንባርስ? እዚህ ላይ ሕጉ ሌላ በር ይከፍታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2085 ለትርፍ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት በሌላው ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ወጣት የሕግ ተማሪዎቻችን «በሌላው ሰው» የሚለውን ቃል ልብ እንዲሉልን እንወዳለን፤ ሕጉ «በገዢው» አላለምና። ሕፃኑ ምንም አልገዛም፤ አልተዋዋለም፤ ዋስትና የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቅም። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሦስት ወር እርሱን የሚመለከትበት ምክንያት የለም። የካሣው ክስ መቅረብ ያለበት ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታይ ይችል የነበረ ከሆነ ግን ሠሪው ከኃላፊነት ይድናል።

ይሁን እንጂ የቦኖሻ እናት ባሕር ማዶ ያለውን ሠሪ በየት በኩል ትከሰዋለች? ይህ ችግር በ2006 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ላይ ታስቦበታል። አዋጁ በዕቃው ምክንያት የተጎዳ ሸማች ከአምራቹ ብቻ ሳይሆን ከአስመጪው፣ ከጅምላ ሻጩና ከቸርቻሪው ጭምር፣ በተናጠል ወይም በአንድነት፣ ካሣ እንዲጠይቅ መብት ሰጥቷል። እንከን የተገኘበትን ዕቃ ስለ መለወጥ ወይም ገንዘብ ስለ ማስመለስ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ የ15 ቀን ጊዜ ያስቀመጠ ሲሆን፣ ለሸማቹ የበለጠ የሚጠቅም ዋስትና ወይም ሌላ ሕግ ካለ ግን ያንኑ አልነካበትም። ነጋዴው ደረሰኝ እንዲሰጥና ቀሪውንም ለ10 ዓመት እንዲያስቀምጥ አዟል። የሦስት ወር ዋስትና የሰጠ ባለ ሱቅ ደረሰኙን እስከ 10 ዓመት ማኖር ያለበት መሆኑ ሊታሰብበት ይገባል።

ዓለምም በዚህ ነገር ብዙ ተምሯል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ መጋቢት 6 ቀን 1954 ዓ.ም. ለምክር ቤቱ በላኩት መልእክት የሸማቹን አራት መብቶች ሲቈጥሩ ከአደጋ የመጠበቅን መብት በመጀመሪያው ተራ አስቀምጠዋል። ካናዳ በ1996 ዓ.ም. ባለ ጎማውን የሕፃን መራመጃ ጨርሶ እንዳይሸጥ፣ እንዳይገባና ማስታወቂያም እንዳይነገርለት ከለከለች። ጎማው ሳይሰበር እንኳ ሕፃኑን በፍጥነት ወደ ደረጃና ወደ እሳት ያደርሰዋልና።

ሚያዝያ 4 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ ፊሸር ፕራይስ የተባለው ኩባንያ ለአሥር ዓመት ገደማ ሲሸጠው የኖረውን፣ ሕፃናት የሚተኙበትን ተወዛዋዥ አልጋ ከአሜሪካ ገበያ ሰበሰበ። ቁጥሩ 4.7 ሚሊዮን ነበር፤ በእርሱ ላይ የሞቱት ሕፃናትም ከ30 በላይ መሆናቸው በዚያን ጊዜ ተገልጿል። ባለፉት ስድስት ወራት የገዛ ሰው ገንዘቡ ሲመለስለት፣ ከዚያ በፊት የገዛው ግን የኩባንያውን ሌላ ዕቃ የሚያገኝበት ኩፖን ብቻ ተሰጠው። የገንዘቡ ነገር በቀን ተለካ፤ የማስጠንቀቂያው ነገር ግን በቀን አልተለካም። ትናንት የገዛውም ከዘጠኝ ዓመት በፊት የገዛውም እኩል «አትጠቀሙበት» ተባሉ።

ከሀዲያና ከከምባታ ወጥተው በደቡብ አፍሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚልኩት ዕቃ የራሱ ሕግ አለው። በዚያ ሀገር በ2003 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ሱቁ የፈለገውን ቢጽፍ፣ ጉድለት ያለበትን ዕቃ በስድስት ወር ውስጥ የመመለስ መብት ይሰጣል። ዕቃው በሰው ላይ ጉዳት ካደረሰ ደግሞ የክሱ ጊዜ ሦስት ዓመት ነው። እንግዲህ አጎት ዕቃውን ሲልክ ደረሰኙን ኪሱ ውስጥ አያስቀረው፤ ወይም ቢያንስ ፎቶግራፉን ይላክ።

ለባለ ሱቁም መፍረድ ይገባናል። ሦስት ልጆች ተራ በተራ ያደጉበት፣ በድንጋይ ላይ የተጎተተ መራመጃ ቢሰበር ጥፋቱ የሻጩ አይደለም። ክርክሩ ሁሉ የሚያርፈው ጉድለቱ ዕቃው በተሸጠ ጊዜ ውስጡ ነበረ ወይስ በኋላ በአያያዝ መጣ በሚለው ላይ ነው። ይህን ደግሞ ከተሰበረው ዕቃ የበለጠ የሚናገር ምስክር የለም። ብዙ ጊዜ ግን እናቲቱ ዕቃውን ወይ ትጥለዋለች፣ ወይ በሽቦ አስራ ለጎረቤት ልጅ ትሰጠዋለች፤ ማስረጃውም ይጠፋል፣ አደጋውም ቤት ይለውጣል።

ስለዚህ በወረዳው የንግድ ጽሕፈት ቤት አዲስ የተቀጠረ ወጣት ሹም፣ እንዲህ ያለች እናት ከደጁ ስትቆም «ዋስትናው አልፏል» ከማለቱ በፊት የሚጠይቃት ነገር አለው። ዕቃው የት ነው? የተገዛው መቼ ነው? ጉድለቱ የታየው በየትኛው ቀን ነው? ለሻጩ በጽሑፍ ተነግሮታል? ሕፃኑ ተጎድቶ ከሆነስ የሐኪም ወረቀት አለ? መልሱን በመዝገብ አስፍሮ፣ የተገነጠለውን ጎማ ሳይጥሉ በላስቲክ ጠቅልለው እንዲያስቀምጡት ይንገራት።